ወንበሩ ከነላስቲኩ

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ያዘነልኝ ሰው በዝቶ ነው ዓመት ከመንፈቅ የተንገላታሁት። የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ዛሬም አልበረደልኝም። ታክሲ ውስጥ አንገቱን እያሻሸ «ብርድ ነው መሰለኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ጮክ ብዬ ልሰድበው ይዳዳኛል። ሰው መስደብ ስለማይሆን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ስሜ ነጂባ ነው፤ አርባ አራት ዓመቴ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ባለቤቴ ከድር አብነት ጎማ ይሸጣል፤ ልጃችን ሒክማ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። እኔ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። የሚገባውንና የሚወጣውን ደብዳቤ ቁጥር እየሰጠሁ ኮምፒውተር ላይ እመዘግባለሁ፣ የሠራተኛውን የግል ማኅደር እጠብቃለሁ። ከባድ ዕቃ ተሸክሜ አላውቅም። መኪና አልገጨኝም፣ ከደረጃ አልወደቅኩም። እኔ የታመምኩት ቁጭ ብዬ ነው።

በእኛ መሥሪያ ቤት ወንበር የሚሰጠው በደረጃ ነው። ቁመትህ፣ ሥራህ፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አለመቀመጥህ ማንንም አያገባውም። አሥራ ስድስት ዓመት የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሠራሁ። ከዚያ እድገት አገኘሁና ተሽከርካሪ ወንበር ተፈቀደልኝ፤ ጥቁር፣ ባለ ክንድ፣ ባለ ጎማ። ወንበሩ በመተላለፊያው እየተገፋ ሲመጣ ያየኝ ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ!» ይለኝ ነበር። ልጅ የዳርኩ ነው የመሰለኝ።

ያስረከበኝ የንብረት ክፍሉ አቶ ጌታሁን ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ነስቼዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል። ሞዴል 22 ላይ፣ ማለትም ዕቃ ወጪ በሚደረግበት ቅጽ ላይ፣ በዚያ ውብ የእጅ ጽሑፉ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ተሽከርካሪ ወንበር፣ ጥቁር፣ አዲስ፣ ከነላስቲኩ።» ፈረምኩ።

«ነጂባ፣ ላስቲኩን እንዳታነሺው» አለኝ። «ስትለቂ አዲስ አድርገሽ ነው የምታስረክቢኝ።»

እውነቱን ልናገርና እሱ ባይለኝም አላነሳውም ነበር። እኛ ቤት ላስቲክ አይነሳም። የምንተኛበት ፍራሽ ከነላስቲኩ ነው፤ የምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች ከነላስቲካቸው ናቸው፤ የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁጥሩ አይታይም። አዲስ ነገር በአዲስነቱ እንዲቆይ ነዋ! ለማን እንደሚቆይ ማንም ጠይቆን አያውቅም።

ወንበሩ ከፍ ያለ ነው፤ እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ስቀመጥ መሬት የሚነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነበር። ከመቀመጫው ሥር ከፍና ዝቅ ማድረጊያ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ እሱም በላስቲኩ ተጠቅልሎ በፕላስተር ተጠፍሯል። ላስቲኩ ያንሸራትታል። ቁጭ ስል ቀስ በቀስ ወደ ፊት እንሸራተታለሁ፣ ራሴን እጎትትና እመለሳለሁ፣ እንደገና እንሸራተታለሁ። እንዳልወርድ እግሬን የጎማዎቹ እግር ላይ አጠላልፌ፣ ክርኔን ጠረጴዛ ላይ ተክዬ፣ አንገቴን ወደ ኮምፒውተሩ አስግጌ በቀን ስምንት ሰዓት እውላለሁ። ያኔ ግን ይህን ማን ልብ አለው? እኔ እቴ፣ ጠዋት ጠዋት ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ እወለውለው ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በሁለተኛው ዓመት፣ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ነው። መጀመሪያ ጠጠር ያለ ነገር ነበር፤ ከዚያ አንገቴ ገተር ብሎ መዞር እንቢ አለ፤ ከዚያ ከራስ ቅሌ ሥር ተነስቶ ዓይኔ ድረስ የሚመጣ ራስ ምታት። አጠገቤ የምትሠራው ውብዓለም አንድ ጊዜ አየችኝና ፍርዷን ሰጠች።

«ብርድ ነው። ያ መስኮት ነው የመታሽ።»

መስኮቱ ተዘጋ። በግንቦት ሙቀት አምስት ሰው ታፍነን እንሠራ ጀመር፤ እኔ ደግሞ በሻሼ ላይ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሜ። ከድር «ብርድ ነው» አለ። የከድር እህት «ዓይን ነው፣ ያንን ወንበር ያየ ሰው ነው» አለች፤ ስለ ወንበሩ እውነት የተናገረች እሷ ብቻ መሆኗን አሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ከታች ፎቅ ያሉት እማማ ደግሞ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹልኝ። የሚያሽ እጅ ሞልቶ ነበር፤ የሚያይ ዓይን ነው የጠፋው።

ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ሰጠሁ፤ ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን አየና «ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ» አለኝ። በዚህ ከተማ ጥርሱን ያመመው ሰው እንኳ ታይፎይድና ታይፈስ ሳይባል አይመለስም! አንገቴን አልነካውም። ክንዴን ከፍ አድርጊ እንኳ አላለኝም። ኪኒኑን ጨርሼ ጨጓራዬን አሳምሜ ቀረሁ። ሁለተኛው ክሊኒክ ነርቭ ነው ብሎ ቀይ ቀይ የቫይታሚን መርፌ ወጋኝ። ሦስተኛው «ጭንቀት ነው፤ ቤት ውስጥ ችግር አለ?» ብሎ ከድርን ገልመጥ አደረገው። ከድር እስከ ቤት ድረስ አላናገረኝም። በእኔ አንገት እሱ ተጠርጥሮ መጣ።

ከዚያ እጄ መደንዘዝ ጀመረ። አውራ ጣቴና ጠቋሚ ጣቴ። ማኅተሙ ከእጄ ይወድቃል፤ የሻይ ብርጭቆ ሰብሬ አለቃዬ ፊት አፍሬያለሁ። ይህን ለምታነቡ ነው አሁን የምናገረው፦ እጃችሁ ሲደነዝዝና ዕቃ መያዝ ሲያቅታችሁ ብርድ ነው አትበሉ፣ ወደ ትልቅ ሐኪም ሂዱ። እኔ ወዴት ሄድኩ? ወጌሻ ዘንድ!

ጌጃ ሰፈር ናቸው፤ የወጣ ክንድ በመመለስ ስም አላቸው፤ ለክንዱ እመሰክርላቸዋለሁ። የእኔን አንገት ግን ቅቤ ቀብተው፣ አገጬን በአንድ እጃቸው፣ ጭንቅላቴን በሌላው ይዘው «ቢስሚላሂ በዪ» አሉኝ። ብዬ ሳልጨርስ ጠመዘዙት። ቋ! አለ። ከድር ደስ ብሎት «ገባ! ገባ!» አለ። ምንም የገባ ነገር የለም። በማግስቱ ክንዴ እስከ ክርኔ ደንዝዞ፣ ሻሼን እንኳ የምታስረኝ ሒክማ ሆነች። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚህ የባሰ አልመጣም። አንገት አታስጠምዝዙ፤ የፈለገው ሰው ቢመሰክር አታስጠምዝዙ።

የሕመም ፈቃድ ወጣሁ፤ ትልቁ ሆስፒታል ሦስት ወር አመላለሰኝ። ጎህ ሳይቀድ ሄዶ ካርድ መያዝ፣ ከዚያ ማለቂያ የሌለው ጥበቃ። የመጠበቂያው አግዳሚ የብረት ነው፤ መደገፊያ የለውም። አንገትና ወገብ የታመመ ሕዝብ ሰብስቦ መደገፊያ የሌለው ብረት ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አንድ ቀን አጠገቤ የነበረች ልብስ ሰፊ ሴት ምንም ሳትጠይቀኝ ነጠላዋን አጣጥፋ ከጀርባዬ ከተተችልኝ። «እኔ ቆሜ ይሻለኛል» አለችኝ፣ ቆማም ዋለች። ስሟን አልጠየቅኳትም። በዚያ ዓመት ካገኘሁት መድኃኒት ሁሉ እሱን ነው የማስታውሰው።

ኤምአርአይ ተነሳሁ። ስፔሻሊስቱ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «የአንገትሽ ዲስክ ተንሸራቷል፣ ነርቭ ነክቷል» አለኝ። ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ ነገር ነው፤ እሱን እንኳ ያስረዳችኝ ኋላ በር ላይ ያለችው ነርስ ናት። «ፊዚዮቴራፒ ሞክሪ። ካልሆነ ኦፕራሲዮን እናያለን።» ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ምን እንደምሠራ፣ እንዴት እንደምቀመጥ አልጠየቀኝም።

በዚያው ሳምንት ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የሕመም ፈቃዴ ሲያበቃ ሙሉ ቀን ተቀምጬ መሥራት ካልቻልኩ ለሕክምና ቦርድ እንድቀርብ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ሊያሳክሙኝ ነው ብሎ ይደሰት ይሆናል። እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፤ ቦርድ የሄደ ሰው ማኅደር ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ በሥራ ላይ ካሉት መካከል ወጥቶ ታች፣ ከተሰናበቱት ጋር ይገባል። ስንቱን በገዛ እጄ አውርጃለሁ። አሁን የእኔ ተራ ደረሰ አልኩ።

ቤታችን ተበላሸ። ከድር ምግብ መሥራት ለመደ፤ ግን ብስጭቱን የሚያሰማኝ ድስት በማንኳኳት ነው። «ቁጭ ብለሽ ምን ይጎዳሻል? እኔ ጎማ ተሸክሜ አልታመምኩ!» አለኝ አንድ ቀን። የእግዜር ውሃ የመሰለ ሰው ነው፤ እሱም ደክሞታል። ግን አልረሳሁለትም። ከሁሉ የከፋው ግን ሶላት ነበር። ጎንበስ ስል ክንዴን እሳት ይልሰዋል፤ ሱጁድ መውረድ፣ ግንባሬን መሬት ማስነካት አቃተኝ። በአርባ አራት ዓመቴ እንደ አሮጊት ወንበር ላይ ሆኜ እሰግድ ጀመር። ሱብሂ ላይ፣ በንጋቱ ሶላት፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ይሄ እጅ በዚሁ ከቀረስ? እላለሁ። ያኔ ነው ፍርሃቱ የሚመጣው።

ፊዚዮቴራፒው ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ባለሙያዋ ሜሮን ትባላለች፤ ሕመምን በእንቅስቃሴና በእጅ የምታክም፣ ፊቷ የተማሪ የሚመስል ልጅ። ሳያት ተናደድኩ፤ ልጄን ነው እንዴ የላኩብኝ አልኩ። እሷ ግን በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ።

«እትዬ ነጂባ፣ ሥራ ቦታ የሚቀመጡበትን ወንበር ፎቶ ያሳዩኛል?»

ለውብዓለም ደወልኩ፤ ወዲያው በቴሌግራም ላከችው። ሜሮን አየችው፣ በጣቷ አስፍታ አየችው።

«ይሄ የሚያብረቀርቀው ምንድነው?»

«ላስቲኩ ነዋ። አዲስ እኮ ነው።»

«ስንት ጊዜው ነው?»

«ሦስት ዓመት።»

አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻል ነበር። አንድ በርጩማ አመጣች፣ የበዓል ስጦታ የሚጠቀለልበት የሚመስል ላስቲክ አነጠፈችበት፣ አስቀምጣኝ እንደምጽፍ ሆኜ እንድቆይ ነገረችኝ። ሌላ ታካሚ ስታክም ቆየችና መጣች። ጫፉ ላይ ደርሼ ነበር። ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር፣ አንገቴ ወደ ፊት ተሰግጎ፣ እግሬ የበርጩማው እግር ላይ ተጠምጥሞ።

«ሰውነትዎ ቀኑን ሙሉ እንዳይወድቅ እየታገለ ነው» አለች። «ጭንቅላት ከባድ ነው። ወደ ፊት በሄደ ቁጥር የአንገት ጡንቻ ነው ተሸክሞት የሚውለው። ብቻውን ላስቲኩ ነው አልልዎትም፤ ግን ይሄ ወንበር እንዳለ ሆኖ እኔ የማደርገውን እሱ ያፈርሰዋል።»

ጨስኩ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ ሴት ነኝ! ዲስኬ ወጥቷል፣ እጄ ደንዝዟል፣ ከሥራ ልባረር ነው፤ አንቺ ስለ ላስቲክ ታወሪኛለሽ?» ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። በሩንም አላጋሁት፤ ቆርቆሮ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ቤት ገብቼ የምግብ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ አልኩ። ሒክማ ፊት ለፊቴ ታጠናለች። ለከድር ምን ያህል ሞኝ ልጅ እንዳጋጠመችኝ እየነገርኩት ነው። በነገሬ መሃል ሁለት ጊዜ ራሴን ወደ ኋላ ጎተትኩ። በሦስተኛው ሒክማ ቀና ብላ አየችኝ።

«ኡሚ፣ ሁሌም እንደዚህ ነው የምትቀመጪው» አለች። «ስታወሪ ራስሽን ትጎትቻለሽ።»

ከሥሬ ያለው ላስቲክ ተንቋቋ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በራሴ ተናድጄ አላውቅም። አንገቴን ሰጥቼ ወንበር ነበር የምጠብቀው።

በማግስቱ ተመለስኩ። ሜሮን ምንም እንዳልተፈጠረ «ይቀመጡ» አለችኝ። አገጬን ወደ ኋላ መሳብ፣ ግድግዳ ተደግፌ ክንዴን ማንሳት፣ የትከሻዬን ጠፍጣፋ አጥንት ወደ ኋላ መሰብሰብ፤ በየሁለት ሰዓቱ። ከድር «ዶሮ መሰልሽ» ብሎ ሳቀ፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ቤታችን የተሳቀው ያን ቀን ነው። ተአምር የለም። ሁለት ሳምንት ምንም የለም። በሦስተኛው የእጄ መደንዘዝ ለቀቀኝና አንገቴ ላይ ያለው ብሶ አረፈው፤ ባሰብኝ ብዬ አለቀስኩ። ለካስ ሕመሙ ከጣት ወደ ላይ ሲመለስ ደህና ምልክት ነው፤ ሜሮን ስነግራት እጇን አጨበጨበች።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ የከሰዓቱን ሶላት፣ አስርን፣ ልሰግድ ቆሜ፣ ወንበሩን እግሬ ገፋ አደረገውና ወረድኩ። ፈራሁ፤ ግን ወረድኩ። ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። እዚያው ቆየሁ፤ ሒክማ የሞትኩ መስሏት ሮጣ መጣች። ያን ማታ የፍራሹን ላስቲክ ገፈፍኩት። ከድር እጄን ያዘኝ።

«ተይ አንቺ፣ ያረጃል!»

«ያርጅ! እኔስ አርጅቼ የለ!» አልኩት። ለቀቀኝ፤ ጫፉን ይዞም አገዘኝ።

ሥራ የገባሁት ሰኞ ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ መቀስ ይዤ። ላስቲኩን ከመደገፊያው ጀምሬ ስሸረክተው ውብዓለም አፏን ያዘች። ወሬው እንዴት እንደሮጠ አላውቅም፤ አቶ ጌታሁን መጣ።

«ነጂባ! ምን እያደረግሽ ነው? ከነላስቲኩ ነው እኮ የፈረምሽው!»

«አንገቴንስ ከነምኑ ነው የፈረምኩት፣ አቶ ጌታሁን? እሱን የት ጋ ጻፉልኝ?»

«ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው!»

«እኔስ የማን ንብረት ነኝ?» አልኩት፤ ድምፄ እስከ ኃላፊው ቢሮ ተሰምቷል። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔን ማን ተረከበኝ?»

የመጨረሻው ፕላስተር ሲላቀቅ ከመቀመጫው ሥር አንዲት ጥቁር እጀታ ወጣች። ሳብ አደረግኳት። ወንበሩ ፍስስስ ብሎ ወረደ። ሁለት እግሬ፣ ተረከዜ ጭምር፣ መሬት ላይ አረፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ እጀታዋ እዚያው ነበረች። አቶ ጌታሁን የተሸረከተውን ላስቲክ ከወለል ለቅሞ ይዞት ሄደ፤ ወላሂ አጣጥፎ ነው የያዘው።

ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ሠራሁ። ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም፤ ብዙ ስጽፍ ዛሬም ትከሻዬ ያስታውሰኛል፣ በየሰዓቱም ተነስቼ እንቀሳቀሳለሁ። ግን ወሩን ጨረስኩ፣ ሁለተኛውንም። የቦርዱ ነገር በዚያው ቀረ፤ «ወደ መደበኛ ሥራዋ ስለተመለሰች» ተብሎ።

ከዚያ አንድ ደብዳቤ ለምዝገባ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። አነበብኩት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ወይዘሮ ነጂባ ከነላስቲኩ የተረከቡትን ወንበር ላስቲኩን ቀድደው በማንሳታቸው። ከግርጌው «በግል ማኅደራቸው ይያያዝ» ይላል። ማኅደሩ ላይ የሚያያይዘው ሰው ማን ነው? እኔ!

ውብዓለም በእኔ ፈንታ አለቀሰች። «ተዪው፣ እኔ ላስገባልሽ» አለችኝ። እንቢ አልኳት። ቁጥር ሰጠሁት፣ መዘገብኩት፣ ማኅደሬን አውጥቼ ከላይ አያያዝኩት። ከዚያ ተነሳሁና፣ በዚያች ከድንዛዜ በተመለሰች ቀኝ እጄ፣ ክንዴን ሙሉ ዘርግቼ ማኅደሬን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ከተትኩት፤ በሥራ ላይ ካሉት ጋር።